ችግኝ ስንሰጥ በሽታ እንዳንሰጥ
ከሐይቅና ከአምባሰል ጓሮዎች የተነሳ ጉዳይ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ፈተና አልቆ ሻንጣ ሲታሰር አንድ ነገር ያስጨንቀናል፤ ለቤተሰብ ምን ይዤ ልግባ? ኪሳችን ባዶ ነው፤ ባዶ እጅ መግባትም ይከብዳል። ለወሎ ልጅ ለዚህ ጥሩ መላ አለ፤ ችግኝ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ አፈሩ ሊርስ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው። አንዱ ከመርሳ ዘመዶቹ ጓሮ የብርቱካን ችግኝ በላስቲክ ጠቅልሎ ሐይቅ ላሉ እናቱ ያመጣል። ሌላዋ ከሐይቅ የቡና ችግኝ ይዛ ውጫሌ ላሉ አክስቷ ትወስዳለች። «ጀባ» ማለት በእኛ አገር ለቡና ብቻ አይደለም፤ ለችግኝም ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ልማድ ለማስቀረት አልተጻፈም። እንዲያውም እንዲበዛ ነው የምንፈልገው። ነገር ግን ከላይ ከጠቀስናቸው ሁለት ስጦታዎች አንዱ፣ ማለትም የብርቱካኑ፣ የእናትን ጓሮና የጎረቤትን ጓሮ ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ለምን እንደሆነና ምን ብናደርግ እንደሚሻል እንመልከት።

ችግኝ መስጠት ያለው ቦታ

ሙስሊም የተከለውን ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ከአነስ (ረ.ዐ.) ተዘግቦ በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ የተረጋገጠ ሐዲስ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይነሳው ግን የሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በኢማም አሕመድ ሙስነድ እንደተዘገበው ሰልማን ከባርነት ነጻ ለመውጣት ከጌታው ጋር ሲዋዋል ክፍያው 40 ዑቂያ ወርቅና 300 የተምር ችግኝ ተክሎ ማጽደቅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችን ወንድማችሁን እርዱ አሏቸው። አንዱ 30 ችግኝ፣ አንዱ 20፣ አንዱ 15፣ አንዱ 10፣ ሁሉም እንደ አቅሙ አመጣ። ሰልማን ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ችግኞቹን በእጃቸው ተከሉ። ከእነዚያም አንድም እንዳልሞተ ሰልማን ተናግሯል።

እዚህ ላይ የምንማረው ስጦታው ዓላማ እንደነበረው ነው። ችግኞቹ ካልጸደቁ ሰልማን ነጻ አይወጣም። ስለዚህ የመስጠቱ ሥራ ችግኙን በማስረከብ አላበቃም፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ተከላውም በጥንቃቄ ተከናወነ። እኛም ችግኝ ስንሰጥ የምናስበው በመኪና ጭኖ ማድረስን ብቻ ሳይሆን ከ5 ዓመት በኋላ በዚያ ጓሮ ምን እንደሚቆም ነው።

ብርቱካኑ ላይ ያለው ችግር

በዓለም ላይ የብርቱካንና የሎሚ ዘሮችን ከሚያጠፉ በሽታዎች ሁሉ የከፋው በቻይንኛ ስሙ ሁዋንግሎንግቢንግ፣ በተለምዶ ሲትረስ ግሪኒንግ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የምርምር ዘገባ ይህ በሽታ በኢትዮጵያ በትግራይና በሰሜን ወሎ የብርቱካን ዛፎች ላይ መገኘቱ ተገልጿል። ሰሜን ወሎ ከአምባሰል ጋር ድንበርተኛ ነው። ከወልዲያና ከመርሳ ወደ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ ሐይቅና ደሴ የሚወርደው መንገድ እኛ በየሴሚስተሩ የምንመላለስበት መንገድ ነው።

በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ በሚያወርደው የዛፉ ቧንቧ ውስጥ ይኖራል። ቧንቧው ሲደፈን ሥሩ ይራባል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬው ትንሽና ጎባጣ ሆኖ ይቀራል፤ ሲበስልም ከታች በኩል አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ጣዕሙ ይመራል፤ ብዙው ሳይበስል ይረግፋል። ዛፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየመነመነ ይሄዳል። ፍሬውን የበላ ሰው አይጎዳም። ለዛፉ ግን እስከ ዛሬ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም።

የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከታመመ ዛፍ ቀንበጥ ወስዶ በሌላ ግንድ ላይ በማዳቀል ነው። ሁለተኛው የብርቱካንና የሎሚ ለጋ ቅጠል በምትመጥ፣ በዓይን እምብዛም በማትታይ ትንሽ ተባይ ነው። አንደኛዋ ዓይነት ተባይ የአካባቢያችን ናት፤ በሳይንስ መጀመሪያ የተመዘገበችው ከኤርትራ በተወሰደ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሆን ስሟም ከዚያው የወጣ ነው። ለጥርስ መፋቂያ የምንቆርጠው ልምጭ እንኳ ከብርቱካን ቤተሰብ ስለሆነ በእሱም ላይ ትራባለች። በራሷ ክንፍ ብዙ ርቀት አትሄድም። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በተጫነ ችግኝ ላይ ተቀምጣ ግን በአንድ ቀን ከመርሳ ሐይቅ ትገባለች።

ከሁሉም የሚከፋው በሽታው የገባበት ዛፍ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው። ስለዚህ «ችግኙ እኮ ለምለም ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ለምለሙ ችግኝ ታሞ ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንጠርጥር?

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። ዚንክ ወይም ሌላ ንጥረ ነገር ያነሰው ዛፍም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ የበሰለ ቅጠል ቁረጡና በመሐል አከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ትይዩ በሆነ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሥሩ። ሁለቱ ክቦች ውስጥ ያለው ቀለም ተመሳሳይ ከሆነ፣ ማለትም ቢጫው በሁለቱም ወገን እኩል ከተሰለፈ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የአፈር ነው። ቢጫው በግራ ሌላ፣ በቀኝ ሌላ ሆኖ የተዥጎረጎረ ከሆነ ግን በሽታውን ጠርጥሩ። በለጋ ቅጠሎች ላይ ከላይ እንደ ብጉር ያበጡ፣ ከሥር ደግሞ የተጎደጎዱ ነጠብጣቦች ካሉ ተባይዋ እዚያ ነበረች ማለት ነው።

ይህ መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው በላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ከጥርጣሬ ቀጥሎ የሚመጣው መጥረቢያ ማንሳት ሳይሆን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጥራት ነው። በአካባቢያችን የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በዩኒቨርሲቲም ዕፅዋት ሳይንስ የሚያጠኑ ወንድሞችና እህቶች አሉን።

የታመመውን ከጤነኛው አትቀላቅሉ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የታመሙ ግመሎች ባለቤት ግመሎቹን ጤነኞች ካሉበት ውኃ እንዳያወርድ ከልክለዋል። ወረርሽኝ ባለበት አገር ያለ ሰው ከዚያ ሸሽቶ እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለውም እንዳይገባ ማዘዛቸውም የታወቀ ነው። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግበዋል። ይህን የምናነሳው ስለ ብርቱካን ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ያ የዑለማዎቻችን ሥራ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የራስ ንብረት ቢሆንም ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ማንቀሳቀሱ የራስ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። የሐይቅ ጓሮዎች በአጥር ይለያያሉ እንጂ ለተባይ አንድ ጓሮ ናቸው። የእኔ እናት ዛፍ ሲታመም የጎረቤቷ ሎሚም ይታመማል። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን።

ታዲያ ብርቱካን ጨርሶ አንሰጣጥ? እንሰጣጥ፤ መንገዱን ግን እንቀይር። ይህ በሽታ በዘር እንደሚተላለፍ አልታየም። ስለዚህ ከሰሜን በኩል ችግኝ ወይም ቀንበጥ ከማምጣት ይልቅ ከጥሩ ፍሬ ውስጥ ዘሩን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ሳይደርቅ ይዞ መጥቶ እዚያው ጓሮ ማፍላት ይሻላል። የብርቱካንና የሎሚ ዘሮች አብዛኞቹ እናታቸውን የሚመስል ዛፍ ይሰጣሉ። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ ከዘር የበቀለ ብርቱካን እሾሁ ይበዛል፣ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ቶሎ እንዲያፈራ የሚፈልግ ሰው ምንጩ ከታወቀና ባለሙያ ከሚቆጣጠረው ችግኝ ጣቢያ የተዳቀለውን ይግዛ። ፍሬ ስትወስዱም ከነቅጠሉ አትውሰዱ፤ የተባይዋ እንቁላል ያለው ለጋው ቅጠል ላይ ነው።

ምን እንስጥ? ለየትኛው ጓሮ?

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የሚገኝ ወይናደጋ ነው። አምባሰል ደግሞ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቆላውንም፣ ወይናደጋውንም፣ ደጋውንም የያዘ ነው። ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቀው «የምትወደው ፍሬ ምንድነው?» ብቻ ሳይሆን «ጓሮህ የት ነው?» የሚለውንም ነው።

አቮካዶ ለሐይቅና ለአምባሰል ወይናደጋ ተስማሚ ነው። ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልም፣ ለማፍራትም 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል። አቮካዶ ደስ የሚል ጠባይ አለው። አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ እንደ ሴት፣ ሌላ ጊዜ እንደ ወንድ። ሃስ የሚባለው ዓይነት ጠዋት ሴት ሆኖ ሲከፈት፣ ኢቲንገርና ፉዌርቴ የሚባሉት ደግሞ ጠዋት ወንድ ሆነው ይከፈታሉ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ንቦች የአንዱን ብናኝ ለሌላው ስለሚያደርሱ ፍሬው ይበዛል። ስለዚህ አንድ ሃስና አንድ ኢቲንገር ካላችሁ ሁለቱንም አንድ ጓሮ ውስጥ ማጨቅ የለባችሁም፤ አንዱን ለጎረቤት ስጡ። ንብ አጥር አያግደውም፤ የሰጣችሁት ዛፍ ለእናንተም ያፈራል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አቮካዶ ውኃ የሚቋጥር አፈር ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ረግረግ ቦታ አትትከሉት።

ፓፓያ ሞቃት ቦታ ይወዳል፤ ለአምባሰል ቆላ ከሐይቅ ይልቅ ይሻለዋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ዘሩ በኪስ ይያዛል። ከፍሬው የወጣውን ዘር በአመድ ወይም በአሸዋ አሽታችሁ የሸፈነውን የሚያዳልጥ ልባስ አውጡለትና በጥላ አድርቁት። ነገር ግን ከአንድ ፍሬ የወጣ ዘር ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ችግኙን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ችግኝ ሰጥቶ መሄድ ዘመድን በከንቱ ማስጠበቅ ነው። በአንድ ጉድጓድ 3 ይተከሉ፤ ሲያብቡ አበባቸው በረጅም ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው ወንዶቹ ናቸው። ለብናኝ አንድ ወንድ አስቀርቶ ሌሎቹን ወንዶች መንቀል ይቻላል።

ሙዝ የሚባዛው ከሥሩ በሚወጣው ልጅ ነው። ከልጆቹ ውስጥ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጭን የሆነውን ምረጡ፤ ሰፋፊ ቅጠል ቶሎ ያወጣው ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር የላላ ስለሆነ ደካማ ነው። ሙዝን የሚያጠወልግ ባክቴሪያም አለ፤ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን በእንሰት ላይ ነው። ይህኛው በቢላዋና በማጭድ ጭምር ይተላለፋል። ልጁን የምትለዩበትን መሣሪያ በእሳት ወይም በበረኪና አጽዱ፤ ከሥሩም አፈሩን አራግፉ።

ማንጎ የቆላ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየ ነጭ ቅርፊት መሰል ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። የምትሰጡትን ችግኝ ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ይዛችሁ አትሂዱ።

ቡና፣ ዘይቱንና ጤና አዳም ለሐይቅ ጓሮ ቀላልና ጥሩ ስጦታዎች ናቸው። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ዋንዛ ወይም ሌላ ዛፍ ካለበት ጎን ይተከል። ለአምባሰል ደጋ ግን ውርጭ ስላለ ከእነዚህ ይልቅ ኮክ ወይም ፖም ይሻላል። ለደጋ ዘመድ ሙዝ መውሰድ ልፋት ብቻ ነው።

ሐይቁን አንርሳ

ሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ከአርዲቦ በኩል የሚመጣ ውኃ ይገባበታል እንጂ በወንዝ የሚወጣ የለውም። በዙሪያው ጓሮዎች የተረጨ መድኃኒትና የፈሰሰ ማዳበሪያ ክረምት ሲሆን ወደዚያው ይወርዳል፤ እዚያው ይቀራል። ሰው ወደዚህ ውኃ ያመጣው ነገር ምን ያህል እንደሚለውጠው አንድ ምሳሌ አለን። ዛሬ የምንበላው ቆሮሶ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሐይቁ የውስጥ ሚዛን እንደተለወጠ፣ ውኃውም ጥራቱ እንደቀነሰ አጥኚዎች ጽፈዋል።

እምቦጭም መጀመሪያ በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት፣ እንደ ጌጥ ተክል ነው። ወደ አገራችን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በኋላ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ማንም ሰው ወይን ጠጅ አበባ ያለው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል «ለጌጥ» ብሎ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ አርዲቦ ቢያመጣ በለሰለሰ አንደበት፣ ግን ሳንዘገይ እንከልክለው።

ቤት ያለው ዛፍ ታሞ ቢገኝስ?

ከባዱ ይህ ነው። አባት ለ10 ዓመት ያሳደጉትን ብርቱካን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ «ይነቀል» ቢላቸው አይሰሙትም፤ ባይሰሙትም አይፈረድባቸውም። ዛፉ የልጆች ደብተር የተገዛበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መጀመር ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን አብሮ ማየት፣ በእስክሪብቶው ዘዴ ማሳየት። ቀጥሎ ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ መጠየቅ። እስከዚያ ድረስ ከዛፉ ቀንበጥ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ከሥሩ የበቀለ ችግኝም ከጓሮ እንዳይወጣ መስማማት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጎረቤትን ግን ያድናል። በሽታው ከተረጋገጠና መንቀል ግድ ከሆነ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ ትታችሁ አትመለሱ። በዚያው ክረምት አቮካዶ ወይም ዘይቱን ተክላችሁ ሂዱ፤ ይህ በሽታ እነሱን አይነካም። አባታችሁ ስለተነቀለው ሲያስቡ የሚያዩት አዲስ ነገር ይኑራቸው።

በዚህ ክረምት የምንይዘው

ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ፦
1. ይህ ችግኝ ከየት ጓሮ መጣ? እናት ዛፉንስ አይቻለሁ?
2. ቅጠሉን ገልብጬ፣ ግንዱንና ሥሩን አይቻለሁ?
3. ተቀባዩ ጓሮ ቆላ ነው፣ ወይናደጋ ወይስ ደጋ?
4. ችግኙ ቀርቶ ዘሩን መስጠት ይበቃል?
5. ከተተከለ በኋላ በበጋ ማን ያጠጣዋል?

አላህ (ሱ.ወ.) ስንሰጥ ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር መርጠን እንዳንሰጥ በሱረቱል በቀራ አስተምሮናል። የአንሷር ሰዎች ከተምራቸው ሲሰጡ የወረደ ነበረ፤ የእኛ ከችግኛችን ነው። ደካማውን ችግኝ ለሰው፣ ጠንካራውን ለራስ ማድረግ ቀላል ነው፤ ማንም አያውቅብንም። ግን ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉ ራሱ ይናገራል።

አላህ እጃችን የተከለውን ያጽድቅልን፣ ጓሮዎቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን፣ ሰደቀቱል ጃሪያ አድርጎ ይጻፍልን። ኣሚን።